ሰፊዋ የቋጠረቻት ሐረግ

እኛ ሰፈር ጨው ከዕቃው የሚወጣው በልመና ነው። ክብሪት ካልተለማመጡት አይጫርም፤ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ደግሞ አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ይጠብቃል። አየሩ ራሱ ያልተጨመቀ ፎጣ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሰው ልብስ አድርቆና ተኩሶ ማደር ከሰማይ ጋር ሙግት መግጠም ማለት ነው፤ ይህን ሙግት ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን ሰው ተኳሹ እንለዋለን። አዲስ ሰው ስሙን ሲሰማ ጠመንጃ ያነገተ ጎረምሳ ጠብቆ ይመጣና፣ መነጽሩን እንፋሎት የሸፈነው ቀጭን ሽማግሌ ካውያ ይዞ ሲያገኘው በራሱ ያፍራል።

እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ማን ያስታውሰዋል። በዕድሜው አንቱ ሊባል ይገባው ነበር፤ ግን እንዲህ ብሎ የጠራውን ሰው "አንቱ ስትሉኝ ካውያዬ ይበርዳል" ይለዋል። ስለዚህ እሱ እያልኩ ብጽፍ ማንም እንዳይቆጣኝ።

ሱቁ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በግራ የእሱ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ በቀኝ የሚስቱ የስፌት መኪና፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ መኝታቸው። ሚስቱ ሰፊዋ ናት። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰው እሱ ይሁን ካውያው ግን መለየት ይቸግር ነበር። እሷ ዘንድ ልክ ሊለካ የገባ ሰው ተለክቶ ብቻ አይወጣም። የሰፈሩን ወሬ ሙልጭ አድርጎ ሰምቶ፣ የራሱንም ሳያውቅ አራግፎ ነው የሚወጣው። ወገብ ስትለካ ትዳሩ እንዴት እንደዋለ ታውቃለች ይባልላት ነበር።

ሐረጊቱ ወደዚህ ቤት የገባችው በስርቆት ነው። ሰፊዋ ገና በጎልማሳነቷ አንድ ሀብታም ቤት መጋረጃ ልትለካ ሄዳ፣ ደረጃው ላይ ተንጠልጥላ አየቻት። የቤቱ እመቤት ዞር ስትል አንዲት አንጓ በጥፍሯ ቀነጠሰችና ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸሽጋ፣ ከድንጋጤዋ የተነሳ የመጋረጃውን ልክ ተሳስታ፣ ወደ ቤቷ በረረች። ተለምኖ የመጣ ቁራጭ ይኮራል፣ የተሰረቀ ግን ደንግጦ ሥር ይሰዳል ብላ ታምን ነበር። በዚህ ምክንያት እኛም ስንፈልግ አንጠይቃትም፤ መርፌ ላይ ክር ልታጠልቅ ስታቀረቅር ቀንጥሰን እንወጣለን። የሚገርመው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለች የተፈታች አዝራር የምታይ ሴት፣ የዚያን ጊዜ ብቻ ክሩ እንቢ ይላት ነበር።

ቅጠሏ ልብ ይመስላል፤ አረንጓዴው ላይ ቀለም ቀቢ ብሩሹን ያራገፈበት የሚመስል ወይባ ነጠብጣብ አላት። መጀመሪያ በብርጭቆ ውሃ ሥር አወጣች፤ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ገባች፤ ከባልዲው በበሩ መቃን ሽቅብ ወጣች፤ ቀጥሎ ከጣሪያው ሥር በተወጠረው ሲባጎ ላይ ተጋድማ፣ በመተኮሻው ጠረጴዛ አናት አልፋ ወደ መንገዱ መስኮት ጉዞ ጀመረች። የካውያው እንፋሎት ቀኑን ሙሉ ከሥር ይወጣላታል፣ እሷም እላይ ሆና ትጠጣለች። እንዲህ የሚንከባከባት ሌላ ቤት ብትፈልግም አታገኝም።

ሰፊዋ ሐረጊቱን እንደ ልጅ ነው ያሳደገቻት፤ ያውም ቅብጥ አድርጋ ሳይሆን በሥርዓት። በዚህ አየር ላይ ተክል የሚገድለው ደግ ሰው ነው ትላለች፤ ደግ ሰው ባዘነ ቁጥር ያጠጣል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። አፈሩን ከደቀቀ ከሰልና ከኮኮናት ቃጫ ጋር ቀላቅላ ውሃ የማይዝ አደረገችው። ጣቷን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ትከትና፣ እርጥበት ከተሰማት ዞራ አታያትም። ቅጠሎቿን በተጨመቀ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ሻጋታ እንዳይዛት መስኮቱን ከፍታ አየር ታስገባላታለች።

ዋናው ነገር ግን ቋጠሮው ነው። ሐረጊቱ በሲባጎው ላይ እንድትቆም ሰፊዋ ከምትሰፋው ልብስ የተረፈውን ቅዳጅ ጨርቅ ትጠቀም ነበር። ቅዳጁን በሲባጎው ላይ አጥብቃ ታስርና፣ አቆላልፋ በሐረጊቱ ግንድ ዙሪያ ላላ አድርጋ ትቋጥረዋለች። ትንሿ ጣቷ በጨርቁና በግንዱ መሃል ካላለፈች ፈታ እንደገና ትጀምራለች። ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ መሰላል ላይ ወጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ ትፈታለች፣ አላልታም መልሳ ትቋጥራለች። በክረምት ሐረግ ይወፍራል፤ ጨርቅ ግን አብሮ አይወፍርም።

እነዚያ ቅዳጆች ደግሞ ተራ ጨርቅ አልነበሩም። ወሬ ለሚወድ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ጣሪያው ቁልጭ ብሎ የሚነበብ ነበር። በበሩ መቃን ላይ ያለው ሰማያዊ የልጃቸው የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብስ ነው። ከእሱ አለፍ ብሎ ያለው ግራጫ፣ ሆዱ እየገፋ የሄደው የሥጋ ሻጩ ሱሪ የሰፋበት ጨርቅ ነው፤ ሦስት ቦታ ላይ አለ፣ ሥጋ ሻጩም ቀና ብሎ ባየ ቁጥር ሆዱን ይሰበስብ ነበር። ነጩ ሳቲን የፀጉር ሠሪዋ የሰርግ ልብስ ነው። ፀጉር ሠሪዋ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው ያለችው ናት። ከነጩ ትንሽ እልፍ ብሎ ያለው የወተት ቀለም ጨርቅ ደግሞ የሁለተኛ ሰርጓ ነው። "የመጀመሪያው ባሏ በሁለቱ ቋጠሮ መሃል ባለችው ቅጠል ልክ ነው የቆየው" እያልን እንስቅባት ነበር። እሷ ደግሞ ትብሳለች፤ "ከመስኮቱ አጠገብ ለሦስተኛው ቦታ ያዙልኝ" ትላለች።

ያን ቦታ የያዘችው ግን እሷ አልነበረችም።

ሰፊዋ ማሳል ጀመረች። በእኛ አየር የማያስል የለም፣ ማንም ልብ አላለውም፤ እሷም ስታስል የመኪናውን ፔዳል አብራ እየረገጠች ቀልድ አደረገችው። ሐኪም ዘንድ የሄደችው አንድ ቀን የሳለችበት ጨርቅ ለሥራ የማይሆን ሲሆን ነው። ሳንባዋ ነው አሉ። መድኃኒት ሰጧት፣ ከዚያ ሌላ መድኃኒት ሰጧት፣ ከዚያ ቤቷ ሄዳ እንድታርፍ ነገሯት። ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ገባው፤ ተኳሹ ብቻ፣ ዕረፍት ማለት ዕረፍት መስሎት፣ አዲስ ትራስ ገዛላት።

ሐረጊቱ መስኮቱ ጋ የደረሰችው በዚያው ሰሞን ነው። ሰፊዋ ከመጋረጃው ኋላ ተኝታ ስታያት ቆየችና ተነሳች። መሰላሉን የመያዝ አቅም አልነበራትምና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ ባሏ ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጁ ያዘ። ለቋጠሮ የሚሆን ቅዳጅ ስታጣ፣ የለበሰችውን ባለ አበባ የቤት ቀሚስ ጫፍ ቀደደች። ቋጠረች። ትንሿን ጣቷን አሳለፈች። ስትወርድ ተንፈስ አለችና፣ አልጋዋ ላይ ሆና እጁን ይዛ እንዲህ አለችው፦

"አንተ ሰውዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቋጠሮዎቹን ፍታልኝ። እንዳታንቃት። እሺ በለኝ።"

"እሺ" አላት።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ሰው ከቀብር ተመልሶ ወንበሩን ለየባለቤቱ ሲመልስ፣ ተኳሹ ከሚስቱ መኪናና ከሐረጊቱ ጋር ቀረ። ልጃቸው ሌላ ከተማ ሕፃናት ታስተምራለች፤ አብሯት እንዲሄድ ለመነችው፣ ሐረጊቱን ማን ያያታል አላት። እውነትም ያያት ጀመር። ግን አንድ ችግር ነበረበት። ካውያ መጋሉን ለማወቅ ዕድሜውን ሙሉ ጣቱን ምላሱ ላይ እየነከረ ብረቱን መታ ሲያደርግ ኖሮ፣ የጣቶቹ ጫፍ እንደ ጫማ ሶል ሆነዋል። አዝራር ከሳንቲም አይለዩም። አፈሩ ውስጥ ቢከታቸው ደረቅ ይሁን እርጥብ አይነግሩትም። ስለዚህ ምን አደረገ? ከባልዲው ቆንጠር አድርጎ አፈሩን ወደ ከንፈሩ ያስጠጋል፤ ከንፈሩ ላይ ቀዝቀዝ ካለው አያጠጣም፣ ደርቆ ከሻከረው ያጠጣል።

ፀጉር ሠሪዋ ይህን በመስታወቷ አየችው። መስታወቷ የተሰቀለው የደንበኛዋን ፀጉር እየሠራች መንገዱንና የተኳሹን ሱቅ አብራ እንድታይ ሆኖ ነው፤ ያለዚያ መስታወት ግማሹ ወሬያችን ባልኖረ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተኳሹ አፈር ይስማል የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። አንዱ ይስማል ሲል፣ ሌላው ይበላል አለ፤ ሥጋ ሻጩ ደግሞ ሐዘን ሰውን አፈር እንደሚያስበላ የሚያውቅ መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ፀጉር ሠሪዋ ራሷ የጀመረችውን ወሬ ማቆም አቅቷት፣ እውነቱን ልትጠይቀው መንገዱን ተሻገረች። ተኳሹም ጣቶቹን ዘርግቶ አሳያት። ተመልሳ ስትመጣ ወሬውን ሁሉም ጋ እየዞረች ሰረዘች፤ ወሬ ስትሰርዝ ያየናት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ግን ሌላ ነገር ዓይኗ ገብቶ ነበር። ቀና ብላ ስታይ፣ የራሷ ነጭ ሳቲን ሐረጊቱን ሰንጎ ይዟታል። ከጨርቁ ወዲህና ወዲያ ግንዷ አብጦ፣ ቀበቶው የጠበበው ሰው ሆድ መስሏል። ደመናው እየወረደ ነበር፤ መሰላሉ ግን በር ኋላ ከቆመበት አልተነቃነቀም። "ጋሼ፣ ቋጠሮው ሊፈታ ይገባዋል" አለችው። ነገ እፈታዋለሁ አላት። በማግስቱም ስትጠይቀው ያንኑ አላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ሸሚዝ ላይ አቀርቅሮ መተኮሱን ቀጠለ፤ እሷም ወደ ሴት ልጁ ስልክ ደወለች።

ልጅቷ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ቀን ከአውቶቡስ ወረደች። ፊቷ የእናቷ ነው፤ ዝምታዋ ግን የአባቷ። ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ የእናቷን መሳቢያ ከፍታ ትልቁን መቀስ አወጣችና መሰላሉን ዘረጋች። እግሯን የመጀመሪያው እርከን ላይ ስታሳርፍ አባቷ መጥቶ መሰላሉን ያዘ፤ እንዳትወድቅ የሚደግፍላት መስሏት ነበር። እሱ ግን አንዲት እርከን እንድትወጣ አልፈቀደላትም።

"አባዬ፣ እማዬ አደራ ብላሃለች እኮ።"

"ብላኛለች።"

"ታዲያ ለምን አትፈታውም?"

ተኳሹ ቀና ብሎ ከበሩ እስከ መስኮቱ ያሉትን ቋጠሮዎች አያቸው። ድምፁ ሲወጣ፣ ካውያው የሚተነፍስ መሰለ።

"የሰፋችውን ልብስ ሰው ለብሶ ሄዷል። የራሷን ቀሚስ ለችግረኛ ሰጥተነዋል። ትራሷ እንኳን የሷን ጠረን ትቶ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። እጇ እንዳደረገው የተቀመጠ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። እኔ ብፈታው ማን መልሶ ይቋጥርልኛል?"

ልጅቷ እኔ አለች። ራሱን ነቀነቀ። መቀሱን ወደ መሳቢያው መለሰችና፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ስታይ ዋለች። በማግስቱ ተሰናብታው ሄደች። ለፀጉር ሠሪዋ የነገረቻት፣ አባቴ እናቴን ሁለተኛ ሊቀብራት ነው፣ እኔ ቆሜ አላይም የሚል ነበር።

ክረምቱ ደግሞ ያን ዓመት ጨከነ። መስኮት የሚከፈትበት ቀን ጠፋ፤ ግድግዳው ላብ በላብ ሆነ። የባልዲው አፈር አልደርቅ ብሎ ተኳሹ ከንፈሩ ላይ እያስነካ ሳያጠጣ መመለስ ሥራው ሆነ። በውሃ በኩል አንድም ስህተት አልሠራም፤ ሰፊዋ ብታየው በዚህ ትኮራበት ነበር። ሐረጊቱ ግን መወፈሯን አላቆመችም፤ ጨርቆቹም እርጥበት ጠጥተው ጠበቁ። በመጀመሪያ ከሰማያዊው በላይ ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ከዚያ ግራጫው፣ ከዚያ ነጩ። ጠዋት ጠዋት የወደቁትን ቅጠሎች እየለቀመ ጠረጴዛው ጥግ ይደረድራቸዋል፤ ደንበኛ ሲመጣ በተጣጠፈ ሸሚዝ ይሸፍናቸዋል። አየን፣ አላየንም አልን። በእኛ ሰፈር አይተው አላየንም የሚባልለት ሰው ብዙ አይደለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰ ሳለ፣ ኮሌታው ላይ ቡናማ ጠብታ ጠብ አለች። የጣሪያ ፍሳሽ መሰለችው። አሸተታት፤ የበሰበሰ ነገር ትሸታለች። ቀና ሲል ከሁለተኛው የፀጉር ሠሪዋ ጨርቅ ሥር የሐረጊቱ ግንድ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ካውያውን በተረከዙ አቆመ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አየ። ከዚያ ወደ ልጁ ደወለና አንድ ቃል ብቻ ተናገረ። "ነይ።"

መጣች። ሳትነቅፈው መሰላሉን ዘረጋች፤ እሱም ቁርጭምጭሚቷን በሁለት እጁ ያዘ። ከበሩ ጀምራ ቋጠሮዎቹን ልትፈታ ሞከረች፤ አልፈታ አሉ። ጨርቁ ግንዱ ውስጥ ሰጥሞ፣ ግንዱ ጨርቁን ጎርሶታል። ስለዚህ ቆረጠች። እያንዳንዱን ቁራጭ ከነጨርቁ ወደ ታች ስታቀብለው ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ሰማያዊው የራሷ መሆኑን ስታውቅ እጇ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። ፀጉር ሠሪዋም ደንበኛዋን በግማሽ ሹሩባ ትታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ የሰርግ ጨርቆቿ ሲወርዱ "ከባሎቼ ሁለቱም የጨርቁን ያህል አልያዙኝም" አለች። ማንም አልሳቀላትም፤ እሷም አልሳቀችም፣ ዓይኗን በመሃረቧ ጠረገች።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ሐረጊቱ በሕይወት አለች። ከመጨረሻዋ ቋጠሮ አለፍ ብላ፣ በመስኮቱ መቃን ስንጥቅ ውስጥ ትንንሽ ሥር አስገብታ፣ ከእርጥቡ ግድግዳ እየጠጣች አንድ ክንድ የምትሆን አረንጓዴ ቀርታለች። ሦስት ቅጠል አላት። ከሲባጎው ጋር ያሰራት ግን ባለ አበባው የቀሚስ ቅዳጅ ነው፤ መበስበሱም በግንዱ በኩል ወደሱ እየተጠጋ ነበር። ያ ቅዳጅ ካልተፈታ እሷም ታልፋለች። ልጅቷ መቀሱን እንደያዘች ወደ አባቷ ዞረች።

"ተይው" አላት። "እኔ።"

መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አሁን ቁርጭምጭሚት የምትይዘው ልጅቷ ሆነች። ጣቶቹን ቋጠሮዋ ላይ አደረገ፤ ጫፏ የት እንዳለ አልነገሩትም። ገፋ፣ ሳበ፣ አልሆነም። መጨረሻ ላይ ፊቱን አስጠግቶ በከንፈሩ ፈለጋት። በከንፈሩ አገኛት፣ በጥርሱ ያዛት፣ ሳባት። ይህች ቋጠሮ ላላ ያለች ነበረች፤ እምቢ አላለችም። ሐረጊቱ ወደ ልጅቷ እጅ ወረደች፣ ቅዳጇ ደግሞ ጥርሱ መሃል ቀረች።

ልጅቷ ብርጭቆ ውሃ ልትቀዳ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። ፀጉር ሠሪዋ ዝናቡን የምታይ መስላ ፊቷን አዞረች። ተኳሹ ከጠረጴዛው ወርዶ ቅዳጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ተፈትታም ቅርጿን አልለቀቀችም፤ ሰፊዋ ያቆላለፈችበት ቦታ ተጠማዞ፣ ትንሿ ጣቷ ያለፈችበት ቀለበት ሳይቀር ይታያል። ጨርቅ ነው፣ ተጨማዷል፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ካውያውም ግሏል። እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን አደረገ። ውሃ እፍ አለበት፣ ዘረጋው፣ ካውያውን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈበት።

ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ ስትወጣ፣ አባቷ ለሽልማት እንደቀረበ ሪባን ቀጥ ያለ ጨርቅ እየገለባበጠ፣ አንዴ በላዩ፣ አንዴ በውስጡ፣ አንዴ ወደ ብርሃን አድርጎ ይፈልጋል።

"የታለ?" አላት።

"ምኑ አባዬ?"

"እዚህ ነበር። እጇ እዚህ ነበር።"

ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀምጣ ጨርቁን ከነእጁ ያዘችው። እንደ እናቷ አቆላልፋ ልትቋጥርለት ጀምራ፣ ፊቱን ስታይ ተወችው። ፀጉር ሠሪዋ መንገዱን ስትሻገር ዝናብ አልነካትም፤ ቆሞ ነበር። እኛ ግን ከላይ እስከ ታች የረጠበ ፊት ነው ያየነው።

ሦስቱ ቅጠል አልሞቱም። ሥር አወጡ፣ ወደ ባልዲው ገቡ፣ ዛሬ ሐረጊቱ የሰው ቁመት ያህል ሆናለች። ተኳሹ ግን ወደ ሲባጎው እንድትወጣ አላደረጋትም፤ ማንም እንዲቋጥራት አይፈቅድም። ወለሉ ላይ ተጋድማ በመተኮሻው ጠረጴዛ እግር ሥር ትሄዳለች፤ እሱም እንዳይረግጣት ወደ ጎን ዞሮ ቆሞ ይተኩሳል፣ ወገቡን ያመዋል። ደንበኛ ሲገባ "ቀስ፣ እግርሽን" ይላል፣ ሌላ አይናገርም። የምትሰረቅበት ቀን ሁሉ አልፏል፤ ማን ደፍሮ ይቀነጥሳታል።

ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ከደረት ኪሱ ያችን ቅዳጅ ያወጣታል። ጣቶቹ ስለማይነግሩት በከንፈሩ ከዳር እስከ ዳር ይሄድባታል፣ ምናልባት ካውያው ያልደረሰበት አንዲት እጥፋት ቀርታ እንደሆነ። ይህን የምናውቀው ከመንገድ እያለፍን ነው። ከማዶ ሆኖ የሚያየው የለም፤ ፀጉር ሠሪዋ መስታወቷን ከነምስማሩ ነቅላ ወደ ሌላው ግድግዳ አዙራዋለች።